የአማኑ ፎቶ ቤት ገንዳ

ጋሽ አማኑ የመጀመሪያዋን ቀንድ አውጣ ባዩ ጊዜ ደስ ብሏቸው ነበር። ምስር የምታክል ቡናማ ነገር ናት። በዓሣው ገንዳ መስታወት ላይ ተለጥፋ፣ ፀጉር የመሰሉ ሁለት ቀንዶቿን ወደፊት ዘርግታ፣ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች።

«ውዳሴ፣ ነይ እስቲ እዪ! እንግዳ መጥቶልናል» ብለው ልጃቸውን ጠሩ።

ውዳሴ መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤት ልትሄድ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ታምራለች አባዬ» ብላ ወጣች።

ይህ የሆነው በሰኔ ነው። ነሐሴ ሲገባ መስታወቱ ምስር የተረጨበት መሰለ። በጠጠሩ ላይ፣ በቅጠሉ ላይ፣ አየር በምትነፋው ቀጭን ቱቦ ላይ ሳይቀር ተሰልፈዋል። ከቅጠሉ ሥር እንደ ንፍጥ የሚያዳልጥ ነጠብጣብ እንቁላላቸው ተለጥፏል። ውኃው ደፍርሷል። ጋሽ አማኑ በጣታቸው ለቀሟቸው፤ በማንኪያ ፋቋቸው፤ የሻይ ማጥለያ ወስደው አጠለሏቸው። ማታ ሰላሳ አውጥተው ይተኛሉ፤ ጠዋት ሲነሡ አርባ ይጠብቃቸዋል።

«ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር» አለቻቸው ውዳሴ አንድ ቀን። «ባል አይፈልጉም፣ ሚስት አይፈልጉም። አንዷ ብቻዋን ትበቃለች። እንቁላላቸው የመጣው ከገዛሁልህ ቅጠል ጋር ነው አሉ።»

«ሥጦታሽ ነዋ የወረረኝ!»

«አባዬ ሙት፣ እኔ ምን አውቄ!»

ሣቁ። ጋሽ አማኑ በልባቸው ግን ተናደዋል። ለሃያ ዓመት ገደማ ይህ ገንዳ ከእሳቸው ጋር ሲኖር አንድም ቀንድ አውጣ አይተውበት አያውቁም።

ገንዳው ዛሬ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባለው ሳሎናቸው ይቁም እንጂ፣ የዕድሜውን ደህና ጊዜ ያሳለፈው ኮልፌ ነው። ጋሽ አማኑ ኮልፌ ውስጥ ለሃያ ሦስት ዓመት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ «አማኑ ፎቶ» ሲባል የማያውቅ የሰፈሩ ሰው አልነበረም። ሥራውን በጀመሩ ሰሞን መከራቸውን ያበሏቸው ሕፃናት ናቸው። እናት ልጇን ለልደቱ አልብሳ ታመጣለች፤ ልጁ መብራቱ ቦግ ሲል ያለቅሳል። ጋሽ አማኑ እንደ ድመት ይጮኻሉ፣ ቁልፍ ያንሿሿሉ፤ ልጁ ይብስበታል። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ጋራዡን ዘግቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ያንን ገንዳ ገዙት። አራት ሰው ተሸክሞት መጣና ከፎቶ መነሻው በርጩማ ጎን ተቀመጠ። ውኃ ሞሉት፤ አምስት ቀያይ ዓሣዎች ለቀቁበት። ከዚያ ወዲያ በአማኑ ፎቶ ያለቀሰ ሕፃን ጥቂት ነው።

ቀስ በቀስ ትልቁም ሰው ያለ ዓሣው አልነሣም አለ። ሙሽሮች ቬሎውን እየጎተቱ ገንዳው አጠገብ ቆሙ። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ገንዳውን መሃል አድርገው ተነሡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ጓደኛሞች ክራባት ተውሰው፣ አንዷን ክራባት በየተራ እያሰሩ ተነሡ። ግድግዳው ላይ ዓሣ ያለበት ፎቶ ያልሰቀለ ቤት ኮልፌ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ጋሽ አማኑም ደንበኛ በገባ ቁጥር በኩራት ወደ ገንዳው እየጠቆሙ፣ «ውኃውን እይልኝ፤ ጠበል አይመስልም?» ይሉ ነበር።

ኋላ ሁሉም ሰው ካሜራውን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። በሁለት ሺህ አራት ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ዓሣዎቹ ለሰው ተሰጡ፤ ገንዳው ዕቃ ቤት ገብቶ፣ ሚስታቸው ሰብሌ ለአሥራ ሁለት ዓመት ድንች አኖረችበት። ባለፈው ዓመት ሰብሌ አረፈች። ቤቱ ጭር አለ፤ ጋሽ አማኑም ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጠው መስኮት መስኮቱን ማየት አበዙ። ይህን ያየችው ውዳሴ አንድ ቅዳሜ ድንቹን አውጥታ፣ ገንዳውን አጥባ ሳሎን አመጣችው። ሦስት ዓሣና አንድ እቅፍ ቅጠልም ገዛች። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ናቸው ዓሣዎቹ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አማኑ ሰው ሆኑ። ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ገንዳው ነው። ምግብ ቆንጠር አድርገው ይበትናሉ፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን እየከፈቱ ይመጣሉ። ረፋድ ላይ ደግሞ ይበትናሉ። ምሳቸውን ብቻቸውን ሲበሉ ከዳቦው ፍርፋሪ ያካፍሏቸዋል። ሰብሌ ትዝ ስትላቸውም ተነሥተው ያበላሉ።

ቀንድ አውጣው አልወጣ ሲል ወደ ሁንዴ ሄዱ። ሁንዴ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ዓሣና ወፍ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው፤ ውዳሴም ዓሣዎቹን የገዛችው ከእሱ ነበር። ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አወረደላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት ብርቱ ነው። ገንዳው ሁለት መቶ ሊትር ከሆነ አሥር ጠብታ። ከዚያ እንዳይበልጥ። የሞቱትን ደግሞ በየቀኑ ይልቀሙ፤ ከበሰበሱ ውኃውን ይመርዙታል።»

«አንተ ልጅ» አሉት ጋሽ አማኑ፣ «እኔ እኮ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ ኬሚካል ስለካ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ፊልም በሚያጥቡበት ዘመን አንዲት ጠብታ አታመልጣቸውም። ያን ቀን ግን ቤት ገብተው መስታወቱ ላይ የተሰለፈውን ሠራዊት ሲያዩ ደማቸው ፈላ። አሥሩን አንጠባጠቡ። ትንሽ ቆይተው፣ «እነዚህ በአሥር አይሞቱም» ብለው አሥር ጨመሩ። ከዚያም ሳይቆጥሩ ጨመቁት።

በማግሥቱ ጠዋት ጠጠሩ በቀንድ አውጣ ሬሳ ተሸፍኗል። ሦስቱም ዓሣዎች ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይጎርሳሉ። ጋሽ አማኑ በባልዲ ውኃ እየቀዱ ይደፉ፣ ከበርሜል እያመላለሱ ይሞሉ ጀመር።  ቀዩና ነጩ ተረፉ። ጥቁሩ ከሰዓት በኋላ በጎኑ ተንሳፈፈ።

ውዳሴ ከሥራ ስትመጣ አባቷ ሳሎን አልነበሩም። ጓሮ፣ ከጽጌረዳ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓሣውን ቀብረው ጨርሰዋል።

«አባዬ፣ ዓሣ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ዓሣ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «በገዛ እጄ መሆኑ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አዳዲስ ነጥቦች ታዩ። መድኃኒቱ ትልልቆቹን ገደለ እንጂ እንቁላሉን አልነካውም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ምሥራቅ ትዝ ያለቻቸው። እውነቱን ለመናገር ምሥራቅ ከልባቸው ወጥታ አታውቅም፤ ሊያስቧት ግን አይፈልጉም ነበር። ምሥራቅ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠርታለች። ስትቀጠር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፎቶ ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ የሙሽራ ፀጉር ታስተካክላለች፤ ገንዳውንም የምትይዘው እሷ ነበረች። ጋሽ አማኑ ሥራውን ሊተዉ ሲቆርጡ ማንንም አላማከሩም። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ቁልፉን እየቆለፉ፣ «ምሥሬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አልከፍትም» አሏት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እሷም «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። በኋላ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጋ የፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤት መክፈቷን ሰሙ። «በኮምፒውተር የሚወጣ ደግሞ ፎቶ ነው?» አሉና በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ጎን አላለፉም።

አንድ ማክሰኞ ታክሲ ይዘው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረዱ። ቤቷን ማግኘት አላስቸገራቸውም። ጠባብ ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ነጭ መጋረጃ፣ ከፊቱም በርጩማ። ምሥራቅ የአንድ ወጣት ጉርድ ፎቶ በመቀስ ትቆርጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል። መቀሱን የያዘችበት አያያዝ ያው ነው፤ ትንሿን ጣቷን ወደ ውጭ አውጥታ።

ቀና ስትል መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ!»

ተነሥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻቸው። ወጣቱን በችኮላ ሸኝታ ወንበር አቀረበች። ስለ ሰብሌ አለቀሰች፤ ለቀስተኛው መሃል መጥታ፣ ከኋላ ቆማ መሄዷን ነገረቻቸው። ጋሽ አማኑ አላዩአትም ነበር።  በመጨረሻ ያመጣቸውን ነገር አፈረጡት።

«ምሥሬ፣ ገንዳዬን ቀንድ አውጣ ወረረብኝ። ባንቺ ጊዜ አንድም አልነበረም። ምን ታደርጊ ነበር?»

ምሥራቅ ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሣቅ ጀመረች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች።

«አንድም አልነበረም?» አለች። «ጋሼ ይሙቱ! ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነበሩ እኮ! አሥራ ዘጠኙን ዓመት ሙሉ ነበሩ!»

«የት?»

«እርስዎ የሚገቡት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ የምከፍተው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማታ ስንዘጋ አንድ የሰላጣ ቅጠል በጠጠር አስሬ ከታች አስተኛታለሁ። ጠዋት ቅጠሉ ቀንድ አውጣ ብቻ ይሆናል። ቅጠሉን ከነሱ አወጣዋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ በጎማ ቱቦ ቆሻሻውን ከሥር እስባለሁ። እርስዎ ሲደርሱ ውኃው ጠበል ሆኖ ይጠብቅዎታል።»

«በየቀኑ?»

«እሑድ ሲቀር።»

«የምታወጫቸውንስ?»

«ለሸዋረጋ ዶሮዎች ነዋ! ያቺ ከኛ ጎን እንቁላል የምትሸጠዋ። እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ "የሸዋረጋ እንቁላል አስኳሉ ለብቻው ነው፣ ምን አብልታቸው ነው?" እያሉ በየጠዋቱ የሚጠብሱት?»

ጋሽ አማኑም ሣቃቸው አመለጣቸው። 

ወደ ቀራንዮ ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ፣ መስኮቱን ተደግፈው እነዚያን ጠዋቶች አንድ በአንድ አሰቧቸው። ሁሉንም ያስታውሷቸዋል፤ የበሩን መጋረጃ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚጮኸውን ራዲዮ፣ ሲገቡ ከገንዳው የሚቀበላቸውን አረንጓዴ ብርሃን። አሁን ግን ሌላም ታያቸው። በሩ ጥግ የተደፋ ባልዲ። የምሥራቅ የቀኝ እጅጌ እስከ ክርኗ የረጠበ። ብርድ በሆነ ጊዜ የቀላ እጇን ብብቷ ሥር ስታሞቅ። አንድ ቀን፣ ሙሽሮች የሚመጡበት ቀን ነበር፣ «ወለሉን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታረጥቢው?» ብለው ተቆጥተዋታል። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ በፍጥነት ወለወለች። ይህንንም አስታወሱት።

እሑድ ምሥራቅ መድኃኔዓለም አስቀድሳ በዚያው ወደ ቤታቸው መጣች። ገንዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። ዓሣዎቹ ወደ እሷ መጡ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚያበሏቸው?»

«ሲርባቸው።»

«መራባቸውን በምን ያውቃሉ?»

«ይኸው፣ አፋቸውን ከፍተው ይመጣሉ አይደል?»

«ዓሣ ሰው ባየ ቁጥር ይመጣል። ይሄ ሁሉ ከሥር የተኛው ምግብ ነው ጋሼ። እርስዎ የሚቀልቡት ቀንድ አውጣውን ነው።» ከጠጠሩ ላይ በጣቷ ያበጠ የዳቦ ፍርፋሪ አውጥታ አሳየቻቸው። «በቀን አንዴ። ከዚህ ቁንጣሪ እንዳይበልጥ።»

ጋሽ አማኑ አንገታቸውን ደፉ። «ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነው» አሉ።

ምሥራቅ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አደረገች፤ እጅጌዋን ልትሰበስብ ስትል ጋሽ አማኑ ቀደሟት።

«እጄን የማስገባው እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ተቀምጠሽ ንገሪኝ።»

«ልብስዎ ይበላሻል።»

«ይበላሽ።»

የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ብብታቸው ሰብስበው እጃቸውን ከተቱ። ቅጠሉን ነቅለው አወጡ፤ እንቁላል ያለበትን እየመረጡ ጣሉ። ውዳሴ ጎማውን ያዘች። ምሥራቅ በርጩማ ላይ ሆና ታዛለች፦ ሲሶውን ውኃ ብቻ ይቀንሱ፤ ጠጠሩን በጎማው ይውጉት፤ የሚሞላው ውኃ ከቧንቧ ተቀድቶ ያደረ ይሁን። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የጋሽ አማኑ ጣቶች ደነዘዙ።

«ይሄን ያህል ይቀዘቅዛል?» አሉ።

«ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይብሳል» አለች ምሥራቅ።

ጠጠሩን መውጋት ቀጠሉ። ከዚያ፣ ፊታቸውን ከገንዳው ሳያነሡ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ምን ብዬ? ሰው በገባ ቁጥር "ውኃዬ ጠበል ይመስላል" ሲሉ ደስታዎ ፊትዎ ላይ ይታይ ነበር። እኔም ጥጉ ላይ ቆሜ ደስ ይለኛል። የኔም ነበር እኮ።»

ጋሽ አማኑ እጃቸውን ከውኃው አወጡ። ፎጣ ሳይፈልጉ፣ ውኃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ እሷ ዞሩ።

«ያን ቅዳሜ» አሉ፣ «ቁልፉን ስቆልፍ… አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ በአንድ ቃል አሰናበትኩሽ። አፍሬ ነው። ሥራው እየሞተ መሆኑን ካንቺ ፊት ቆሜ መናገር አቃተኝ። ከዚያ ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። ይቅር በዪኝ፣ ምሥሬ።»

 ውዳሴም ጎማውን እንደያዘች ደንግጣ ቆማለች።

«ተቀይሜ ነበር» አለች ምሥራቅ። «ብዙ ተቀይሜያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ ወደዚያ ወሰደኝ። በሩ ተቆልፏል። ዓሣዎቹን ማን ያበላቸዋል ብዬ እዚያው አለቀስኩ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ኋላ ግን የራሴን ስከፍት ብርሃኑን የት እንደማቆም፣ የሚፈራን ሰው እንዴት እንደማረጋጋ፣ ሁሉንም አውቄው ነበር። ከእርስዎ ነው ያየሁት። ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ከዚያ ምሳ በሉ። ምሳው ላይ ስለ ድሮ ደንበኞች አወሩ። ስለዚያ ዓይኑን ሳይጨፍን መነሣት ስለማይችለው ፖሊስ፣ ገንዳው ውስጥ የቀለበት ጣቷን ከታ ቀለበቷን ስለጣለችው ሙሽራ፣ ቀለበቱን ከጠጠሩ ሥር ስላወጣችው ምሥራቅ። ውዳሴ አባቷ ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም።

ምሥራቅ ስትወጣ ጋሽ አማኑ እስከ ታክሲ መያዣው ሸኟት። ማታ አንድ የሰላጣ ቅጠል በጠጠር አስረው ገንዳው ውስጥ አስተኙ። ጠዋት ቅጠሉ በቀንድ አውጣ ጠቁሮ አገኙት፤ ቆጠሯቸው፤ ስድሳ አራት። ስልክ አንሥተው ደወሉላት።

«ስድሳ አራት!»

«ጎበዝ! ነገም ይድገሙ።»

በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። አንድ ሰዓት ላይ፣ ምሥራቅ ቤቷን ስትከፍት፣ ስልኳ ይጮኻል። አርባ። ሰላሳ ስምንት። አንድ ቀን ሃምሳ ሆኖ ተስፋ ቆረጡ፤ «ዳቦ ጨምረዋል» አለቻቸው፤ ጨምረው ነበር። የምግቡን ቆርቆሮ ለውዳሴ አስረከቡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሌላ ወሬ ይመጣል፤ አንዳንዴ ቁጥሩ ተረስቶ ወሬው ብቻ ይቀራል። የወጡትን ቀንድ አውጣዎች ለጎረቤት ዶሮዎች ይወስዳሉ፤ ጎረቤትየዋም ሰላምታዋ ሞቅ ብሏል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ጋሽ አማኑ ቅጠሉን አወጡና አገላበጡት። መነጽራቸውን አድርገው ደግሞ አገላበጡት። ውኃው ጠርቷል፤ ቀዩና ነጩ ጎን ለጎን ቆመው ክንፋቸውን ያወዛውዛሉ።

«ምሥሬ» አሉ በስልክ፣ «ዛሬ ሁለት ብቻ! ልጨርሳቸው ነው።»

«ይተዋቸው ጋሼ።»

«ምን?»

«ሁለቱን ይተዋቸው። መስታወቱ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ የሚልሰው ማነው? ደግሞም ከጨረሷቸው ጠዋት ጠዋት ምን ብለው ሊደውሉልኝ ነው?»

ጋሽ አማኑ ቅጠሉን በእጃቸው እንደያዙ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሁለቱን ቀንድ አውጣዎች በጥንቃቄ መልሰው ውኃው ውስጥ ለቀቋቸው።

«እሺ» አሉ። «ደንበኛ አለሽ እንዴ አሁን?»

«አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታለች። መብራቱን አይቶ ያለቅስብኛል።»

«ድምፁ ይሰማኛል» አሉ ጋሽ አማኑ። «እስቲ ስልኩን ወደ እሱ አስጠጊልኝ።»

ምሥራቅ አስጠጋችላቸው። ጋሽ አማኑም ቀራንዮ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ቆመው፣ በሙሉ ድምፃቸው እንደ ድመት ጮኹ።